የባክቴሪያዎች ሳይንሳዊ ስሞች በማስተማሪያ ጽሑፎቻችን፤ አጻጻፋቸው፣ አነባበባቸውና ትርጉማቸው

በአንደኛ ደረጃ የሳይንስን ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋው የተማረ ልጅ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ተሻግሮ የሥነ ሕይወትን ትምህርት በእንግሊዝኛ መከታተል ሲጀምር ከሚያጋጥሙት እንቅፋቶች አንዱ የባክቴሪያዎች ሳይንሳዊ ስም ነው። ስሙ አማርኛ አይደለም፤ እንግሊዝኛም አይደለም፤ መምህሩም ቢሆን ከየት እንደ መጣ ሳይነገረው የተቀበለው ነው። በመሆኑም ስሙ ከመጽሐፍ ወደ ጥቁር ሰሌዳ፣ ከጥቁር ሰሌዳ ወደ ደብተር፣ ከደብተር ወደ ፈተና ወረቀት ይገለበጣል እንጂ በየትኛውም እርከን ላይ ሲፈታ አይታይም። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ በሥርዓተ ትምህርት ሥራ ላይ በቆየባቸው ዓመታት የተመለከታቸው የማስተማሪያ ጽሑፎች፣ የዕጩ መምህራን የትምህርት ዕቅዶችና የፈተና ወረቀቶች ከጥቂቶቹ በስተቀር በዚህ ረገድ አንድ ዐይነት ናቸው።

ነቀፌታችን በቅደም ተከተሉ ላይ ያረፈ ነው። በተለመደው አሠራር ተማሪው በመጀመሪያ የስሙን ሆሄያት እንዲያጠና ይታዘዛል፤ ቀጥሎ መምህሩ በጠራበት አኳኋን እንዲጠራ ይደረጋል፤ ትርጉሙ ግን በሦስተኛነት ተራ ሲጠብቅ ጊዜው ያልቅና ከናካቴው ይቀራል። ይህ ቅደም ተከተል መገልበጥ አለበት። ትርጉሙን ያወቀ ሰው ሆሄያቱን ለመያዝ ምክንያት ያገኛል፤ ምክንያት ያልተሰጠው ግን የሚይዘው በጉልበት ነው፤ በጉልበት የተያዘውም ፈተናው ባለፈ በሳምንቱ ይለቃል። አንባቢ አስቀድሞ እንዲያውቀው ያህል፣ ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ‹ዓ.ም.› የሚል ምልክት ካልተደረገባቸው በቀር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ስሞቹም የተጻፉት በፊደላችን ብቻ ነው፤ እንዲህ ያለው አጻጻፍ ምን ምን እንደሚያጎድል በቦታው እንመለከተዋለን።

ሕዝባችን ለበሽታዎች ስም በማውጣት ከማንም አላነሰም። ‹ማጅራት ገትር› ብሎ የሰየመ ሰው የበሽተኛው አንገት ደርቆ አልታጠፍ ሲል አይቷል። ‹መንጋጋ ቆልፍ› ያለውም እንዲሁ ከዐይኑ ነው የተነሣ። ‹ግርሻ› ሲባል በሽታው ለቀቀ ሲሉት ተመልሶ የሚያገረሽ መሆኑ በአንድ ቃል ተነገረ። የሳይንሳዊ ስሞች አውጪዎችም ያደረጉት ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም። የግርሻን ባክቴሪያ ጠመዝማዛ አካል በበሽተኞች ደም ውስጥ አይቶ በ1873 ለዓለም ያስታወቀው የበርሊኑ ሐኪም ኦቶ ኦበርማየር ነበር፤ ዛሬ ይህ ባክቴሪያ ቦሬሊያ ሬኩሬንቲስ ይባላል። ‹ቦሬሊያ› ፈረንሳዊውን ተመራማሪ አሜዴ ቦሬልን ያስታውሳል፤ ‹ሬኩሬንቲስ› ማለት ደግሞ ተመላላሽ፣ የሚያገረሽ ማለት ነው። እንግዲህ ቤቱ ‹ግርሻ› የሚለውን ቃል ሲሰማ ያደገ ተማሪ ስሙን በከፊል ያውቀዋል ማለት ነው። የሚያሳዝነው፣ ሁለቱን ቃላት ጎን ለጎን አስቀምጦ አንድ መሆናቸውን የሚነግረው መጽሐፍ በብዛት አለመገኘቱ ነው።

ምሳሌ ማብዛት አያስቸግርም። ስኮትላንዳዊው ቀዶ ሐኪም አሌክሳንደር ኦግስተን በ1880ዎቹ መግል በማይክሮስኮፕ ሲመረምር ክብ ክብ ሕዋሳት ተጠጋግተውና ተከማችተው አገኘና ‹ስታፊሎኮኩስ› አላቸው፤ በግሪክኛ ‹ስታፊሌ› የወይን ዘለላ፣ ‹ኮኮስ› ደግሞ ቅንጣት ፍሬ ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1874 ቴዎዶር ቢልሮት በተርታ የተያያዙትን ‹ስትሬፕቶኮኩስ› ብሎ ነበር፤ እንደ ተጠማዘዘ ሐብል መሆናቸውን ለመግለጽ ነው። ‹ክሎስትሪዲዩም› የሚለውን ስም ብዙ ተማሪዎች ከሚጠሏቸው ስሞች እንደ አንዱ ያዩታል፤ ትርጉሙ ግን ትንሽ እንዝርት ማለት ነው። የዚህ ወገን ባክቴሪያዎች በውስጣቸው ስፖር ሲሠሩ በትር መሰል አካላቸው በአንድ በኩል ያብጥና እንዝርት ይመስላል። እናቱ ወይም አያቱ ጥጥ ስትፈትል ያየ ልጅ ይህን አንድ ጊዜ ቢነገረው ቅርጹንም ስሙንም አብሮ ይይዛል። አባ ሰንጋን የሚያመጣው ‹ባሲሉስ አንትራሲስ› ደግሞ ‹ባሲሉስ› ትንሽ በትር፣ ‹አንትራክስ› ከሰል ነው፤ በቆዳ ላይ የሚወጣውን ጥቁር ቁስል ያየ ሁሉ ‹ለምን ከሰል?› ብሎ አይጠይቅም።

ከቃላቱ ፍች ቀጥሎ የሚመጣው ሰዋስው ነው። ሰዋስው ሲባል መምህራኑ ይደነግጣሉ፤ ላቲን ያልተማረ እንዴት የላቲንን ሰዋስው ያስተምራል ይላሉ። የሚያስፈልገው ግን ጥቂት ነው፤ ጥቂቱም ለግዕዝና ለአማርኛ ተናጋሪ ባዕድ አይደለም። የባክቴሪያ ስም ሁለት ቃላት አሉት፤ የፊተኛው የወገኑ፣ የኋለኛው የዝርያው ነው። የኋለኛው ቃል አንዳንድ ጊዜ ዘርፍ ይሆናል። ‹ቪብሪዮ ኮሌሬ› የኮሌራ ቪብሪዮ ማለት ነው፤ ይህም ‹ቤተ መንግሥት› እንደምንለው ነው፤ ባለቤቱ ይቀድማል፣ ዘርፉ ይከተላል። ልዩነቱ በግዕዝ መጨረሻውን የሚለውጠው የፊተኛው ቃል ሲሆን (‹ቤት› ‹ቤተ› ይሆናል) በላቲን ግን የኋለኛው መሆኑ ነው፤ ‹ኮሌራ› ‹ኮሌሬ› ይሆናል፤ በላቲኑ አጻጻፍም በ‹ኤ› ፊደል ላይ አንድ ‹ኢ› ይጨመራል። ተማሪዎች ዘወትር የሚጥሉት ይህንኑ የመጨረሻ ፊደል ነው። የሚጥሉትም ለጌጥ የተቀመጠ ስለሚመስላቸው ነው፤ ‹የ› ማለት እንደ ሆነ ቢያውቁ አይጥሉትም ነበር።

በሌላ ጊዜ የኋለኛው ቃል ቅጽል ይሆናል፤ ያን ጊዜ በጾታ ከፊተኛው ጋር መስማማት አለበት። ‹ቅዱስ› እና ‹ቅድስት› የሚለይ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። የቂጥኝን ባክቴሪያ ታሪክ እንመልከት። ፍሪትስ ሻውዲንና ኤሪክ ሆፍማን በ1905 ሲያገኙት በማይክሮስኮፕ ሥር ገርጥቶ፣ ደብዝዞ ስለ ታየ ‹ስፒሮኬታ ፓሊዳ› አሉት፤ ‹ፓሊዳ› ገርጣታ ማለት ነው፤ ‹ስፒሮኬታ› አንስታይ ስለ ሆነ ቅጽሉም አንስታይ ሆነ። በዚያው ዓመት ሻውዲን ወደ ሌላ ወገን አዛውሮ ‹ትሬፖኔማ› ሲለው ቅጽሉ ‹ፓሊዱም› ተባለ። ‹ትሬፖኔማ› መጨረሻው አንስታይ ቢመስልም በግሪክኛ የግዑዝ ጾታ ስም ነውና። መጽሐፉ ‹ፓሊዳ› ብሎ ቢያስተምር ተማሪው ምንም አልጎደለበት ይሆናል፤ ለምን ‹ፓሊዱም› እንደ ተባለ የሚያስረዳ መምህር ግን በሌሎች ሃያ ስሞች ላይ የሚሠራ መሣሪያ ሰጠው።

ሊቃውንቱ ራሳቸውም በዚህ ሰዋስው ተሰነካክለው ያውቃሉ። አውስትራሊያውያኑ ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን በጨጓራ ውስጥ ያገኙት፣ ኋላም በ2005 የኖቤል ሽልማት ያስገኘላቸው ባክቴሪያ በመጀመሪያ ‹ካምፒሎባክተር ፒሎሪዲስ› ተብሎ ነበር። የጨጓራ መውጫ በላቲን ‹ፒሎሩስ› ስለ ሆነ ትክክለኛው ዘርፍ ‹ፒሎሪ› እንጂ ‹ፒሎሪዲስ› አልነበረምና በ1987 ታረመ፤ በ1989 ደግሞ ወገኑ ተለውጦ ‹ሄሊኮባክተር ፒሎሪ› ሆነ። ‹ሄሊኮ› ጠመዝማዛ ማለት ነው። ተማሪዎች ‹ሄሊዮ› ብለው ሲጽፉት ይታያል፤ ‹ሄሊዮ› ግን ፀሐይ ነው፤ ‹ሄሊዮባክቴሪዩም› የሚባል፣ በብርሃን ኀይል የሚኖር ሌላ ባክቴሪያም በእርግጥ አለ። የሳንባ ነቀርሳውን ‹ሚኮባክቴሪዩም› በ‹ሚክሮ› የሚጽፉም ብዙ ናቸው፤ ‹ሚክሮባክቴሪዩም› የተባለ ወገንም እንዲሁ አለ። ‹ሚኮ› ፈንገስ ማለት ነው፤ ባክቴሪያው በፈሳሽ ላይ ሲያድግ እንደ ሻጋታ ስለሚንሳፈፍ የተሰጠው ስም ነው። እዚህ ላይ የሆሄ ስሕተቱ የጽዳት ጉድለት ብቻ አይደለም፤ ተማሪው ሳያውቀው ሌላ ፍጥረት እየጠራ ነው።

ስለ ‹ኤላ› አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ሳልሞኔላ፣ ሺጌላ፣ ብሩሴላ፣ ቦርዴቴላ፣ ክሌብሲዬላ፤ እነዚህ ሁሉ በሰው ስም ላይ የላቲንን የማሳነሻ ቅጥያ በመጨመር የተሠሩ ናቸው፤ ቅጥያውም አንስታይ ነው። አማርኛም ነገርን ሲያሳንስ አንስታይ ያደርጋል፤ ‹ይህች ትንሽ መጽሐፍ› እንላለን፤ ትልቁን ቤት ‹እሱ› ስንል ጎጆዋን ‹እሷ› እንላለን። ይህን የመሰለ የተዘጋጀ መንገድ በተማሪው አፍ ላይ እያለ የማስተማሪያ ጽሑፎቻችን አልሄዱበትም። ከዚህም የተነሣ ‹ሳልሞኔላ› ሲባል ሳልሞን የተባለውን ዓሣ የሚያስቡ ተማሪዎች ብቻ ሳይሆኑ መምህራንም አሉ፤ ስሙ የተወሰደው ከአሜሪካዊው የእንስሳት ሐኪም ከዳንኤል ሳልሞን ነው።

አሁን ወደ ፊደላችን እንመለስ። የአማርኛ የሳይንስ ጽሑፎች አንዱን ባክቴሪያ ‹ኢሸሪሺያ›፣ ‹ኤሸሪኪያ›፣ ‹ኢስቸሪቺያ› እያሉ ይጽፉታል፤ አንዳንዴም በአንድ ጽሑፍ ውስጥ ሁለት ዐይነት አጻጻፍ ይገኛል። ችግሩ የፊደሉ ሳይሆን የደንብ አለመኖር ነው። የጥንት ተርጓሚዎች ከግሪክኛ ወደ ግዕዝ ስሞችን ሲያሻግሩ ደንብ ነበራቸው። ‹ጢሞቴዎስ› የሚለውን ስም ልብ ብሎ ያየ፣ በግሪክኛው ሁለት ልዩ ልዩ ፊደላት የነበሩት አንዱ በ‹ጠ›፣ ሌላው በ‹ተ› መወከላቸውን ይረዳል፤ ‹ማቴዎስ› ሲጽፉም በዚያው ደንብ ጸንተዋል። ዛሬ ‹ባቅጤርዮን› እንበል ማለታችን አይደለም፤ ደንብ ይኑር ማለታችን ነው።

ይህ ጽሑፍ የተከተለው ደንብ ሁለት ክፍል አለው። ስሙ ከሰው የተወሰደ ከሆነ የሰውየውን አጠራር ይከተላል። ሺጋ ጃፓናዊ ነበርና ‹ሺጌላ› እንጂ ‹ሺጄላ› አይባልም፤ ብሩስ ብሪታንያዊ ሐኪም ነበርና ‹ብሩሴላ› ይባላል እንጂ ‹ብሩኬላ› አይባልም፤ ናይሰር ጀርመናዊ ነበርና ‹ናይሴሪያ› ይሆናል፤ የሕፃናት ሐኪሙ ኤሸሪኽም ‹ኤሸሪኺያ› ይሰጠናል፤ ለዚህስ ‹ኸ› የተባለች ፊደል ማን አላት? ስሙ ከተራ ቃል የተሠራ ከሆነ ግን የእንግሊዝ አፍ ሳይሆን የላቲኑ ሆሄ ይመራናል፤ ‹ኮከስ› ሳይሆን ‹ኮኩስ›፣ ‹ክሎስትሪዲየም› ሳይሆን ‹ክሎስትሪዲዩም›። ምክንያቱም ተማሪው ነገ ከፊደላችን ወደ ላቲኑ ሲመለስ ‹ዩ› የተባለውን ፊደል ማግኘት ያለበት መሆኑ ነው። ደንብ ሲባል ግን ዐይንን ጨፍኖ መሄድ አይደለም። ‹ወርቃማ› የሚል ትርጉም ያለውን የስታፊሎኮኩስ ቅጽል በሆሄው ብንከተል ‹አውሬዩስ› ሊሆን ነው፤ ክፍሉን በሙሉ ወደ ዱር አውሬ ከመውሰድ ‹ኦሬዩስ› ማለት ይሻላል። ‹ኢኮላይ›ም በመንገድና በቤተ ሙከራ የለመደ ቃል ነውና ማንም አይነካውም፤ ሙሉ ስሙ ሲጻፍ ግን ‹ኤሸሪኺያ ኮሊ› ይሁን፤ ‹ኮሊ› የትልቁ አንጀት ማለት ነው።

ፊደላችን ሁለት ነገሮችን ማሳየት እንደማይችል ግን መሸሸግ አይገባም። አንደኛው የሚጠብቅ ድምፅ ነው። ‹ሳልሞኔላ›፣ ‹ቦሬሊያ›፣ ‹ሪኬትሲያ›፣ ‹ናይሴሪያ› በላቲኑ ተደጋጋሚ ፊደላት አሏቸው፤ በፊደላችን መጥበቅና መላላት ስለማይጻፍ የት ቦታ እንደሚደገም የሚታወቅበት መንገድ የለም። ሁለተኛው ዐቢይ ፊደል ነው። በላቲኑ የወገን ስም በዐቢይ፣ የዝርያ ስም በንዑስ ፊደል ይጀመራል፤ ሁለቱም በዘመመ ጽሕፈት ይታተማሉ። ይህ ሁሉ በእኛ አጻጻፍ ይጠፋል። ስለዚህ የአማርኛ ጽሑፍ አንድን ባክቴሪያ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጠራ የላቲኑን አጻጻፍ በገጹ ግርጌ ወይም በመጽሐፉ መጨረሻ ሳይሰጥ ማለፍ የለበትም፤ የሚያልፍ መጽሐፍ ተማሪውን ድልድዩ መካከል ላይ ጥሎት ይሄዳል።

ስለ አነባበብ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ላቲንን እንደ እናቱ ቋንቋ የሚናገር ሕዝብ ዛሬ የለም፤ እንግሊዛዊው፣ ጀርመናዊውና ጣሊያናዊው እያንዳንዱ በራሱ ልማድ ያነበዋል። እንግሊዛዊው ‹ባሲለስ› የሚለውን ጣሊያናዊው ‹ባቺሉስ› ቢለው ማንም ማንንም አይከስስም። በመማሪያ ክፍል ውስጥ ‹ኮኪ› ያለውን ተማሪ ‹ኮክሳይ ነው የሚባለው› ብሎ በጓደኞቹ ፊት ማሳፈር ከዕውቀት አይቆጠርም። ‹ባክቴሪያ› ራሱ በላቲን የብዙ ቁጥር ነው፣ ‹ባክቴሪያዎች› አይባልም ብለው የሚከራከሩም አሉ። ‹መላእክቶች› የሚለውን የሚነቅፉ የግዕዝ አዋቂዎችን ይመስላሉ፤ እነዚያ ግን የሚከራከሩት ስለ ራሳችን ጥንታዊ ቋንቋ ስለ ሆነ ሚዛናቸው ይከብዳል። ‹ባክቴሪያ› የአማርኛ ቃል ሆኗል፤ በአማርኛ ሕግ ይርባ።

እስካሁን ትርጉምን አመስግነናል። ትርጉም የሚያሳስትበት ጊዜም አለ፤ ይህን የማይናገር መምህር ከማይተረጉመው ይብስ ይሆናል። የባክቴሪያዎችን አሰያየም የሚመራው ዓለም አቀፍ ደንብ የስም ተቀዳሚ ዓላማ መጥሪያ መሆን እንጂ ጠባይን ወይም ታሪክን መግለጽ አለመሆኑን በመሠረተ ሐሳቡ ያስቀምጣል። ከዚህ ተነሥተው ‹እንግዲያው ትርጉሙ ለምን ያስፈልጋል?› የሚሉ ባልደረቦች አሉ። የሚከተሉት ሁለት ምሳሌዎች ለእነርሱ መልስ ይሆናሉ ብለን እናምናለን።

በ1889 በተነሣው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ጊዜ ጀርመናዊው ሪቻርድ ፋይፈር ከበሽተኞች አክታ አንድ ባክቴሪያ አገኘና በ1892 የወረርሽኙ መንሥኤ ይህ ነው አለ። ይኸው እምነት በ1918ቱ ታላቅ ወረርሽኝ ጊዜም በብዙ ሐኪሞች ዘንድ ገና ነበር፤ ይህም በአገራችን በ1911 ዓ.ም. ‹የኅዳር በሽታ› የተባለው ነው። የኢንፍሉዌንዛ መንሥኤ ቫይረስ መሆኑ በሰው ላይ የተረጋገጠው በ1933 ነው። ባክቴሪያው ግን ‹ሄሞፊሉስ ኢንፍሉዌንዜ› እንደ ተባለ ቀረ። የፊተኛው ቃል እውነተኛ ነው፤ ‹ደም ወዳድ› ማለት ነው፤ በቤተ ሙከራ ለማደግ በደም ውስጥ የሚገኙ ነገሮችን ይፈልጋልና። የኋለኛው ግን የስሕተት ሐውልት ነው። ይህ የታሪክ ጨዋታ ብቻ እንዳይመስል። በኢትዮጵያ ከ2007 ጀምሮ ለሕፃናት በሚሰጠው አምስት በሽታዎችን በሚከላከል ክትባት ውስጥ አንዱ ክፍል የታለመው በዚህ ባክቴሪያ ‹ቢ› ዐይነት ላይ ነው፤ የሚከላከለውም የሕፃናትን ማጅራት ገትርና የሳንባ ምች ነው። ስሙን አንብቦ ‹የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ነው› ብሎ ለወላጆች የሚናገር መምህር ቢኖር፣ የተከተበው ልጅ በክረምቱ ጉንፋን ሲይዘው እናቲቱ በክትባቱ ሁሉ ላይ እምነቷን ብታጣ ማን ይወቀሳል? ስሙን በቃሉ ያጠና ከዚህ አያመልጥም፤ ቃል በቃል የተረጎመም አያመልጥም፤ የሚያመልጠው ስሙ ለምን እንደ ተሰጠ የተነገረው ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ‹ቲፊ› ነው። ‹ቲፎስ› በግሪክኛ ጢስ፣ ጭጋግ ማለት ሲሆን በከባድ ትኩሳት የተያዘ ሰው አእምሮ መጋረዱን ያመለክታል። የጥንት ሐኪሞች ሁለት ልዩ ልዩ በሽታዎችን በዚህ በአንድ ስም ይጠሩ ነበር። በ1837 አሜሪካዊው ዊልያም ገርሃርድ የፊላደልፊያን ሙታን አስከሬን ሲመረምር በአንደኛው በሽታ የሞቱት አንጀታቸው ቆስሎ፣ በሌላው የሞቱት ግን አንጀታቸው ደኅና ሆኖ አገኘና ሁለቱን ለየ። አንዱ ታይፈስ፣ ሌላው ታይፎይድ ሆኖ ቀረ፤ ‹ታይፎይድ› ማለት ‹ታይፈስ መሰል› ማለት ብቻ ነው። አማርኛችን አንዱን ‹ተስቦ›፣ ሌላውን ‹የአንጀት ተስቦ› ይላል፤ ገርሃርድ በቢላዋ ያገኘውን ልዩነት በስሙ ውስጥ አስቀምጦታልና ከእንግሊዝኛው ይልቅ የአማርኛው ያስተምራል።

ይሁንና የባክቴሪያዎቹ ስም ግርታውን እንደ ያዘ ነው። ‹ሳልሞኔላ ቲፊ› የአንጀት ተስቦን ያመጣል፤ በምግብና በውሃ ይተላለፋል። ‹ሪኬትሲያ ቲፊ› ደግሞ ፈጽሞ ሌላ ነው፤ በአይጥ ቁንጫ የሚተላለፍ ተስቦ ያመጣል። ‹ሪኬትሲያ ፕሮቫዜኪ› በቅማል የሚተላለፈውን የወረርሽኝ ተስቦ ያመጣል። ሦስቱ የመተላለፊያ መንገዳቸው የተለያየ ስለ ሆነ መከላከያቸውም የተለያየ ነው፤ ውሃ ማፍላት ቅማልን አያጠፋም፤ ልብስ መቀቀልም የተበከለ ወተትን አያጠራም። መድኃኒታቸውም አንድ አይደለም። በአገራችን የጤና ተቋማት የአንጀት ተስቦና የተስቦ የደም ምርመራዎች በአንድ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ሲታዘዙ መኖራቸው የታወቀ ነው፤ ነገ ያን ወረቀት የሚያነበው ዛሬ በክፍላችን የተቀመጠው ተማሪ ነው። ‹ቲፊ› የሚለውን ቃል ብቻ ይዞ ከሄደ የያዘው ከ1837 በፊት የነበረውን ዕውቀት ነው። ጠንቃቃ ጸሐፊ የሚጨምረው አንድ ነገርም አለ፤ በአሁኑ አመዳደብ የሳልሞኔላው ‹ቲፊ› የዝርያ ስም አይደለም፤ ‹ሳልሞኔላ ኤንቴሪካ› በተባለው ዝርያ ውስጥ ያለ አንድ ዐይነት ስለ ሆነ በላቲኑ በዐቢይ ፊደል ይጀመራል፣ አይዘምምም። የሪኬትሲያው ‹ቲፊ› ግን ዝርያ ነውና በንዑስ ይጀመራል፤ በዘመመ ጽሕፈትም ይታተማል።

ስሞቹ ራሳቸው ይለዋወጣሉ የሚለው አቤቱታ ትክክል ነው። ባለፉት ዘመናት የተከመረው ስም ከቁጥጥር ውጭ በመሆኑ ከጥር 1 ቀን 1980 ጀምሮ በጸደቀው ዝርዝር ውስጥ ያልገባ አሮጌ ስም ሁሉ ሕጋዊነቱን እንዲያጣ ተደረገ። ከዚያም በኋላ ለውጡ አላቆመም። ወተትን ከሚያረጉት መካከል የሚቆጠረው የ‹ላክቶባሲሉስ› ወገን ከ260 በላይ ዝርያዎችን ይዞ ስለ ነበር በ2020 በ25 ወገኖች ተከፋፈለ፤ ‹ላክቶባሲሉስ ፕላንታሩም› ይባል የነበረው ዛሬ ‹ላክቲፕላንቲባሲሉስ ፕላንታሩም› ነው። በሽምደዳ ለተማረ ሰው ይህ ከባድ ዕዳ ነው፤ አንድ ረጅም ቃል ጥሎ ከእርሱ የረዘመ ሌላ ሊያጠና ነው። ‹ላክ› ወተት፣ ‹ፕላንታ› ተክል፣ ‹ባሲሉስ› ትንሽ በትር መሆኑን የሚያውቅ ግን አዲሱን ስም ሲያይ የድሮዎቹን ቁርጥራጮች በሌላ ቅደም ተከተል ተሰክተው ያገኛቸዋል። መጻሕፍቱን የሚያሻሽሉ ባለሙያዎችም አዲሱን ስም ሲያስገቡ አሮጌውን ለጥቂት ዓመታት በአጠገቡ ቢያቆዩት መምህሩ አይደናገርም።

ፈተናን በሚመለከት አንድ ጉዳይ ይቀራል። በተመለከትናቸው ወረቀቶች ላይ ስለ ባክቴሪያ ስሞች የሚቀርበው ጥያቄ ከሞላ ጎደል አንድ ዐይነት ነው፤ በሽታው ይሰጣል፣ ስሙን ጻፍ ይባላል፣ በሆሄ ስሕተት ነጥብ ይቀነሳል። የ‹ሪኬትሲያ ፕሮቫዜኪ› የመጨረሻ ሁለት ‹አይ› ፊደላት በዚህ ረገድ ብዙ ነጥብ አስወስደዋል። ፊደላቱ ሁለት የሆኑት ስሙ በላቲን ‹ፕሮቫዜኪዩስ› ተብሎ ከተወሰደ በኋላ ዘርፍ ስለ ሆነ ነው፤ ‹የፕሮቫዜክ› ማለት ነው። ስሙ የሁለት ሰዎች ነው። አሜሪካዊው ሃዋርድ ሪኬትስ በ1910 በሜክሲኮ ከተማ፣ ስታኒስላውስ ፕሮቫዜክ በ1915 በጀርመን አገር በኮትቡስ፣ ሁለቱም ተስቦን ሲመረምሩ በዚያው በተስቦ ተይዘው ሞቱ። በ1916 አብሮ ይሠራ የነበረው ብራዚላዊው ሄንሪኬ ዳ ሮሻ ሊማ ባክቴሪያውን በሁለቱ ስም ጠራው። ‹ይህ ስም ለምን የሁለት ሰዎች ሆነ? ከሁለቱ ቃላት ዘርፉ የትኛው ነው?› ብሎ መጠየቅ ይቻላል፤ ለማረምም ከፊተኛው ጥያቄ የበለጠ ጊዜ አይወስድም። ከላይ በተጠቀሱት ወረቀቶች በአንደኛው ላይ አንዲት ‹አይ› ለጎደለችበት መልስ ግማሽ ነጥብ ተቀንሶ ነበር፤ በሽታውን የሚያስተላልፈው ቅማል መሆኑን የሚጠይቅ ጥያቄ ግን በወረቀቱ ላይ አልነበረም።